ዝገትን የቀቡ እጆች

ድሬዳዋ አጠገብ፣ ከገደል ወገብ ላይ የተከፈተ አንድ ዋሻ አለ። ፈረንሳዮች «ፖርክ ኤፒክ» ብለው ሰየሙት፤ ጃርት ማለት ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋሻውን የቆፈሩ ተመራማሪዎች ከድንጋይ መሣሪያዎች ጋር ተቀላቅሎ የተቀበረ ቀይና ቢጫ የአፈር ድንጋይ አገኙ። በኋላ ሲቆጠር ከ4,000 ቁራጭ በላይ፣ ሲመዘን 40 ኪሎ ግራም ያህል ሆነ። ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። ቁራጮቹ የመፋቅ ምልክት አለባቸው፤ የተፈጩባቸው ድንጋዮችም አብረው ተገኝተዋል። በዚያ ዋሻ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀለም ይፈጭ የነበረ ሰው ነበር።

ያ አፈር ኦከር ይባላል። ቀለሙን የሰጠው ብረት ነው። በምድር ውስጥ ያለ ብረት ከኦክሲጅንና ከውሃ ጋር ሲዋሐድ የሚያወጣው ቢጫ፣ ቀይና ቡኒ፣ ክረምት የተደራረበበት የጣራችን ቆርቆሮ ከሚያወጣው ቀለም ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሞዴል ሠሪ መዳፍ በምታህል ታንክ ላይ ዝገት ለማሳየት ብሩሹን ከአፈር በተገኘ ቡኒ ቀለም ሲነክር፣ ዝገትን የሚቀባው በራሱ በዝገት ወገን ነው።

በቋንቋችን ዝገት ወዳጅ የለውም። ብልና ዝገት አብረው የሚጠሩ አጥፊዎች ናቸው፤ ማሰብ ያቆመ ጭንቅላትም «ዛገ» ይባላል። ይህ ትረካ ግን ቁጭ ብለው ዝገትን በፍቅር ስላዩ ሰዎች ነው። እኔ ከእነሱ የተማርኩት፣ ዝገት የዕቃ ግለ ታሪክ መሆኑን ነው። ዝናብ የት እንደተኛ፣ እጅ የት እንደዳሰሰ፣ ድንጋይ የት እንደጫረ መዝግቦ ያስቀምጣል። ያንን መዝገብ ማንበብ መማር ግን ብዙ ዘመን ወስዷል።

ቀለሙ ከአንባቢው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ከጣሊያኗ ከተማ ከሲየና አካባቢ የሚቆፈረውን ቢጫ አፈር ለዘመናት ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ቀለሙም የከተማዋን ስም ወርሷል። ይኸው አፈር እሳት ሲነካው ውስጡ ያለው ውሃ ይወጣና ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል። «የተቃጠለ ሲየና» የሚባለው ይህ ነው። ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ጭቃው ከእሳት ቀልቶ ሲወጣ የሚያዩት ለውጥም የዚሁ የብረት ሥራ ነው። ቀለሙ በሠዓሊዎች እጅ ለገጽታ ጥላ፣ ለመሬትና ለፀጉር ሲያገለግል ቆየ።

ይህን ቀለም የሚቀበለው የፕላስቲክ ሞዴል የመጣው በ1936 ነው። በዚያ ዓመት በእንግሊዝ፣ ፍሮግ በሚል የንግድ ምልክት የሚታወቀው ድርጅት «ፔንግዊን» የተባሉ የፕላስቲክ ተገጣጣሚ አውሮፕላኖችን ለገበያ አወጣ። እያንዳንዳቸው ከእውነተኛው አውሮፕላን 72 ጊዜ ያነሱ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ዓለም በጦርነት ተዋጠች፤ ሞዴሉም አብሮ ዘመተ። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮቹን የወዳጅን አውሮፕላን ከጠላት እንዲለዩ ለማሠልጠን ግማሽ ሚሊዮን ሞዴል ፈለገ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ከእንጨት እንዲቀርጹለት ጠየቀ። ሞዴሎቹ ጥቁር ተቀቡ። የተፈለገው ቅርጻቸው ብቻ ነበር፤ የተማሪዎቹ አውሮፕላን ሰማይ ላይ የሚታይ ጥላ እንጂ ያገለገለና የደከመ ዕቃ አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ ሞዴል ወደ ቤት ገባ። ኒኮላስ ኮቭ የተባለ ሀንጋሪያዊ ስደተኛ በ1939 የመሠረተው ኤርፊክስ ኩባንያ፣ በ1952 የእንግሊዛዊውን መርከበኛ የፍራንሲስ ድሬክን መርከብ «ጎልደን ሃይንድ»ን በትንሹ ሠርቶ በዉልዎርዝ መደብሮች በሁለት ሽልንግ መሸጥ ጀመረ። በእንግሊዟ ሀል ከተማ በ1919 የዘይት ንግድ ሆኖ የተቋቋመው ሀምብሮል ደግሞ በትንንሽ ጣሳ የታሸገ ኢናሜል ቀለም አቀረበ። ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ክንፉን ከአካሉ ያጣብቃሉ፣ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ቀለም ይቀባሉ። አረንጓዴ ሲል አረንጓዴ፣ ብርማ ሲል ብርማ። በየመደርደሪያው የተሰለፈው ሁሉ ዛሬ ጠዋት ከፋብሪካ በር የወጣ ይመስል ነበር። ስፒትፋየር የጦር አውሮፕላኑ ተዋግቶ አያውቅም፤ ታንኩ ጭቃ ረግጦ አያውቅም።

ይህን ልማድ ቀድመው ከተላቀቁት መካከል የባቡር ሞዴል ሠሪዎች አሉ። የእንፋሎት ባቡር በገዛ ጭሱ የሚጠቁር፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ፣ ውሃ የሚያፈስ ፍጡር ነውና ንጹሕ አድርጎ መሥራት ውሸት መስሎ ይታያል። ከእነሱ መካከል ስሙ ጎልቶ የወጣው በ1913 የተወለደው ጆን አለን ነው። ሙያው ፎቶ ማንሳት፣ መኖሪያው በካሊፎርኒያ የምትገኘው ሞንተሬይ ነበረች። በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሱ ተራሮች፣ ድልድዮችና መንደሮች ያሉበት የባቡር ዓለም ገነባ። ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነበር። ስሙንም «ጎሬ ኤንድ ዲፊቲድ» አለው፤ በእንግሊዝኛ ሲሰማ «በደም የተነከረና የተሸነፈ» የሚል ድምፅ አለው።

በአለን መንደሮች ውስጥ ጣሪያው የጎበጠ መጋዘን፣ ግድግዳው የተላጠ ሱቅ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ሎኮሞቲቭ ነበር። ይህን እንዲያይ ያደረገው ካሜራው ይመስለኛል። ከሩቅ የሚያምር ንጹሕ ሞዴል በቅርብ ሲነሳ አሻንጉሊትነቱ ይጋለጣል፤ ብርሃኑ የሚይዘው ነገር ያጣል። የተጎዳ ገጽ ግን ብርሃንን ይሰብራል፣ ጥላ ይፈጥራል፣ ዓይንን ያቆማል። የአለን ፎቶግራፎች በባቡር ሞዴል መጽሔቶች ሲወጡ አንባቢዎች እርጅና በቀለም ሊሠራ የሚችል ጥበብ መሆኑን አዩ። አለን ጥር 6 ቀን 1973 በልብ ሕመም ሞተ። ከአሥር ቀን በኋላ በቤቱ እሳት ተነሥቶ የሕይወቱን ሥራ ከሞላ ጎደል በላው። ብዙ ዓመት የፈጀበት እርጅና እንዲህ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሥራውን ዛሬ የምናውቀው በዋናነት እሱ ራሱ ባነሣቸው ፎቶዎች ነው።

በዚያው ዘመን በሌላው የዓለም ጫፍ ታንኩ እየመጣ ነበር። በጃፓን ሺዙኦካ ከተማ በ1946 የእንጨት መሰንጠቂያ ሆኖ የተጀመረው ታሚያ፣ ከእንጨት ሞዴል ወደ ፕላስቲክ ተሻገረ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ አወጣ። ታንኩ በሞተር የሚሄድ ስለነበር መጠኑ የተወሰነው ባትሪዎቹ ሆዱ ውስጥ እንዲገቡ ተብሎ ነው። በኋላ ሲለካ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በዚህ አጋጣሚ የተወለደው 1/35 እስከ ዛሬ የታንክ ሞዴል ዋና መለኪያ ነው።

ይህ ቁጥር ለዝገት ቀቢው ሕግ ሆነበት። በ1/35 ሞዴል ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በእውነተኛው ታንክ ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። በብሩሽ ጫፍ የተጣለች አንዲት ነጥብ ትልቅ ጉዳት ትሆናለች። ስለዚህ የጥሩ ቀቢ እጅ የሚለየው በምን ያህል ትንሽ ጭረት ብዙ ታሪክ መናገር እንደሚችል ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን ለሞኖግራም ኩባንያ ሞዴሎችን ከነአካባቢያቸው መሥራት ጀመረ። የፈረሰ ግድግዳ፣ የደከመ ወታደር፣ የተመታ ታንክ በአንድ ትዕይንት ይሰባሰባሉ። ኩባንያው እንዴት እንደተሠሩ የሚያስረዳ ወረቀት በየሳጥኑ ከተተ። ለብዙ ልጆች ያ ወረቀት የመጀመሪያው አስተማሪ ነበር። ታንክ በትዕይንት ውስጥ ሲገባ ጥያቄ ይከተለዋል፤ ከየት መጣ? ስንት ቀን ተጓዘ? ዝናብ ያዘው ወይስ አቧራ? ቀለም ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መስጠት ነበረበት።

መልሱን በዘዴ ካስፋፉት አንዱ ቤልጄማዊው ፍራንሷ ቨርሊንደን ነው። በእሱ መጽሐፎች አማካይነት በ1980ዎቹ ሁለት አሠራሮች በሰፊው ተለመዱ። አንደኛው በቲነር እጅግ የቀጠነ ጥቁር ቡኒ ቀለም ሞዴሉ ላይ ማፍሰስ ነው፤ ቀለሙ በየስንጥቁና በየብሎኑ ሥር ይተኛና ጥልቀት ይፈጥራል። ሁለተኛው «ደረቅ ብሩሽ» ይባላል። ብሩሹ ፈካ ያለ ቀለም ተነክሮ በጨርቅ ይጠረጋል፤ የቀረው ብናኝ የሞዴሉን ጠርዝ ብቻ እየነካ ያልፋል። ሁለቱ ሲጣመሩ ፕላስቲክ ብረት ይመስላል። ጉድለታቸው ታንኩ ሁሉ አንድ ዓይነት እርጅና እንዲኖረው ማድረጋቸው ነበር። በሩሲያ በረዶ የተዋጋውም በሊቢያ በረሃ የተዋጋውም ፊታቸው አንድ ሆነ።

ትምህርቱ ወደ ሰፊው ሕዝብ የደረሰው ግን በሲኒማ ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሉካስ በ1975 በካሊፎርኒያ ቫን ናይስ ውስጥ ወጣት ሞዴል ሠሪዎችን በአንድ መጋዘን ሰብስቦ የጠፈር መርከቦች አሠራቸው። ሠሪዎቹ የታንክና የአውሮፕላን ሞዴል ሳጥኖችን እየገዙ ክፍሎቻቸውን በመርከቦቹ ገጽ ላይ ለጠፉ። ሉካስ የፈለገው ሰው የኖረበትና የተገለገለበት ዓለም ነበር። ስለዚህ መርከቦቹ ተቧጨሩ፣ ጥላሸት ጠጡ፣ የዘይት ጠብታ ወረደባቸው። በ1977 ፊልሙ «ስታር ዋርስ» ሲታይ ተመልካቹ የጠፈር መርከቧን «ሚሌኒየም ፋልከን»ን ከብዙ ጉዞ የተመለሰች አሮጌ የጭነት መኪና አድርጎ አመናት። ወደፊት የሚባለው ዓለም እንኳ ሊያረጅ እንደሚችል ያሳየው የሞዴል ሠሪ ብሩሽ ነበር።

መስከረም 1 ቀን 1985 ደግሞ ዝገት ራሱ ዜና ሆነ። የሰመጠችው የቲታኒክ መርከብ ስብርባሪ በአትላንቲክ ወለል፣ 3,800 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ተገኘ። ከመርከቧ ጎን ላይ በዋሻ ጣሪያ እንደሚንጠለጠል የኖራ ድንጋይ፣ የዝገት እንጥልጥሎች ወርደው ነበር። በ2010 ሳይንቲስቶች ከእነዚያ እንጥልጥሎች ያገኙትን አዲስ የባክቴሪያ ዝርያ «ሃሎሞናስ ቲታኒኬ» ብለው ሰየሙት፤ በመርከቧ ብረት መበላት ላይ ድርሻ አለው። ቲታኒክን በጭስ ማውጫዎቿ ግርማ ብቻ ይሠሩ ከነበሩት ሞዴል ሠሪዎች መካከል በባሕር ወለል ላይ የተኛችውን መሥራት የጀመሩ መጡ። ዝገት ከጌጥነት አልፎ የሥራው ዋና ርዕስ ሆነ።

ይህን ርዕስ በጥልቀት ያጠኑት በ2000ዎቹ የተነሡት ናቸው። ማዕከላቸው ስፔን ነበረች። ሚግ ሂሜኔዝ የተባለው ስፔናዊ ሞዴል ሠሪ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውሉ የቀለም ዱቄቶችንና ፈሳሾችን ማዘጋጀት ያዘ። ቀደም ሲል ሞዴል ሠሪዎች የሥዕል ጠመኔ በምላጭ እየፋቁ የሚያገኙት አቧራ በብልቃጥ ተሞልቶ ቀረበላቸው። ይህ ዱቄት ብዙውን ጊዜ የብረት ኦክሳይድ ነው። ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ውስጥ ተፈጭቶ የነበረው ዓይነት ዱቄት ከ40,000 ዓመት በኋላ በጥቃቅን ታንኮች ላይ ተነሰነሰ።

አሠራሩም የተፈጥሮን ቅደም ተከተል እየገለበጠ ሄደ። ብረት የሚዝገው ከላይ ወደ ታች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ሞዴል ሠሪው ተቃራኒውን ይሄዳል። መጀመሪያ ዝገቱን ይቀባል። ጥቁር ቡኒ፣ ከዚያ ቀይ ቡኒ፣ ከዚያ እዚህም እዚያም በስፖንጅ የተጣለ ብርቱካናማ። ይህ ሲደርቅ የፀጉር ማስያዣ ስፕሬይ ይነፋበታል። ከስፕሬዩ በላይ የታንኩ እውነተኛ ቀለም በአክሪሊክ ይቀባል። ከዚያ ብሩሽ በውሃ ይረጥብና ገጹ ይታሻል። ውሃው ሾልኮ ስፕሬዩን ያሟሟዋል፤ የላይኛው ቀለም እየተላጠ ይነሣል፤ ከሥሩ ዝገቱ ብቅ ይላል። ከእሱ የሚቀድም ሌላ ዘዴ በጨው ነበር። እርጥብ ገጽ ላይ ጨው ይበተናል፣ ቀለም ይቀባል፣ ጨው ሲረግፍ የሸፈነው ቦታ ይገለጣል። በዓለም ላይ የብረትን ዝገት የሚያፋጥነው ጨው በሞዴል ጠረጴዛም ላይ ያንኑ ሥራ ሠራ።

በዚህ ጊዜ የቀቢው ዓይን የመሐንዲስ ዓይን መሆን ነበረበት። አዲስ ዝገት ደማቅ ብርቱካናማ ነው፤ አሮጌው ወደ ጥቁር ቡኒ ይጠጋል። ጠባሳው ያለው በዘፈቀደ አይደለም፤ ውሃ የሚቋጥርበት ጥግ፣ ብየዳው ያለፈበት መስመር፣ የወታደር ጫማ የሚረግጠው ጠርዝ ላይ ነው። ከብሎን ሥር የተነሣ ዝገት በዝናብ ታጥቦ ወደ ታች እንባ ሆኖ ይወርዳል። የጭስ መውጫ ቱቦ ሙቀቱ ቀለሙን ስለሚያቃጥለው ከሌላው ቀድሞ ይዝጋል። የታንክ ሰንሰለት በአንድ ሌሊት ጤዛ ብርቱካን ይለብሳል፤ በነጋታው ግን መንገዱ መልሶ ያጸዳዋል። የአብዛኛው አውሮፕላን ቆዳ ደግሞ አሉሚኒየም ነውና ብርቱካናማ ዝገት አይወጣውም፤ መዳብም የሚያረጀው በአረንጓዴ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደገ ሰው ይህን ትምህርት አጥቶት አያውቅም። ዝገቱ ከሚስማሩ ቀዳዳ ጀምሮ፣ ቆርቆሮና ቆርቆሮ በሚደራረቡበት በኩል አድርጎ እንደሚሄድ በየክረምቱ አይቷል።

ከሁሉም የሚደንቀኝ በተላጠው ቀለም ሥር የሚገኘው ነገር ነው። የጀርመን ታንኮች ከላይኛው ቀለማቸው በታች ቀይ ፀረ ዝገት ቀለም ነበራቸው፤ ሞዴል ሠሪዎችም በጭረቱ ውስጥ ያንን ቀይ ያሳያሉ። ብረት ሠሪዎቻችን በርና መስኮት ከመቀባታቸው በፊት የሚያስነኩት ቀይ አንቲረስት የዚሁ ወገን ነው። ቅላቱን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ነው። ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ያበቃ ብረት ዳግመኛ አይዝግምና፣ ዝገቱን የጨረሰ ብረት ሊዝግ ያለውን ለመሸፈን ይሰለፋል።

በ2012 እንግሊዛዊው ጌምስ ወርክሾፕ ለጨዋታ ጥቃቅን ወታደሮቹ የሚያመርተውን የቀለም መስመር እንደ አዲስ አወጣ። በዚያና ተከትለው በመጡት ዓመታት አሸዋማ የዝገት ቀለም፣ በደረቅ ብሩሽ የሚቀባ ብርቱካንማና የመዳብ አረንጓዴ በየብልቃጡ ተዘጋጅተው ለጀማሪ ቀረቡ። አለን ዕድሜውን የፈጀበት ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ሆነ። ይህ ስጦታ ነው፤ በሩን ለብዙ ወጣት ከፍቷል። ነገር ግን ብልቃጡ ቀለሙን እንጂ ማየቱን አይሸጥም። በጦር ሜዳ ጥቂት ወር ያገለገለ ታንክ ሃምሳ ክረምት እንደቆመ በር ተበልቶ ሲቀባ የማየው ለዚህ ነው። ዕድሜውን ሳይጠይቁ ያስረጁት ዕቃ፣ ጨርሶ እንዳላስረጁት ዕቃ ሁሉ ታሪክ የለውም።

ይህን የዕድሜ ጥያቄ ይዤ ወደ ተነሣንበት፣ ወደ ዋሻው አካባቢ እመለሳለሁ። ምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ ከዋሻው አጠገብ ወዳለው ሜዳ ሲደርስ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አብራው ተወለደች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የአሮጌውን መስመር ቦታ ተረከበ። በድሬዳዋው የቀድሞ ጣቢያ ግቢ ያረጁ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ቆመው ቀርተዋል። ጎናቸው ላይ የተጻፈው የሰውና የዕቃ ጉዞ፣ የጥገና ሠራተኛ እጅ፣ የበረሃ ፀሐይና የድንገት ዝናብ ነው። ከዚያ ግቢ እስከ ጃርቱ ዋሻ ያለው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ያ ብረት አንድ ጊዜ ቀይ አፈር ነበር። በእሳት ተቀጥቶ ኦክሲጅኑ ተነጥቆ ባቡር ሆነ፤ አሁን ኦክሲጅኑን እየመለሰ አፈር ወደ መሆን ይሄዳል። ከመንገዱ ልንመልሰው ላንችል እንችላለን። ቁራሌው ከነሚዛኑ ሳይደርስ ግን አንድ የድሬዳዋ ወጣት ሜትርና ካሜራ ይዞ ወደ ግቢው ቢገባ፣ የፉርጎውን ቁመት ለክቶ፣ ከየትኛው ብሎን ሥር ምን ዓይነት ቡኒ እንደወረደ ቀርጾ፣ በካርቶንም ቢሆን ትንሽ አድርጎ ቢሠራው ታሪኩ ይተርፋል። ቀለም ከሩቅ ማስመጣት አይኖርበትም። ከከተማው አካባቢ ቀይ አፈር አንስቶ በድንጋይ መፍጨት ይችላል። በዚያ ቦታ አስቀድሞ ተደርጓል።